አርባ ቅንጣት ያዘዟት መምህርት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዳባቷን የፊዚክስ መምህርት ትሕትና ብሎ የሰየማት መልአክ ግን ያን ቀን ሥራ በዝቶበት ነበር። በክረምት ለምትማረው ማስተርስ የመመረቂያ ጥናት ምረጪ ስትባል ጓደኞቿ የፀሐይ ምድጃ ያዙ፤ እሷ እርስ በርስ የሚጓተቱ ደቃቅ ቅንጣቶች ሊኖራቸው የሚችለውን ዝቅተኛ ጉልበት አሰላለሁ ብላ ተነሣች።

«ዝቅተኛ ጉልበት ከፈለግሽ በሁዳዴ መጨረሻ እኔን መለካት ነው» አሏት አባቷ፣ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ።

አማካሪዋ ዶክተር አለምነህ «ቢያንስ አርባ ቅንጣት ይሁን» ብለው በስልክ አዘዙ። አሮጌ ላፕቶፗ አሥሩን በአፍታ ጨረሰ፤ ሃያውንም እያጉረመረመ ተወጣው። ከዚያ ወዲያ አንድ ቅንጣት በተጨመረ ቁጥር ሥራው እጥፍ እየሆነ ሄዶ በሃያ ስድስተኛው ላይ ደርቆ ቀረ። አቋራጭ ብትሞክር በየሙከራው ሌላ ቁጥር ይመጣል።

ሦስት ሳምንት ላፕቶፑን ስትረግም ከርማ ጥናቶች ማገላበጥ ያዘች። ያነበበችው አንገበገባት፤ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ሁሉ የሚሠራ ፈጣን ዘዴ ማንም አላገኘም፤ በደቃቅ ቅንጣቶች ሕግ የሚሠራው ኳንተም ኮምፒውተር እንኳ ይፈታዋል ተብሎ አይጠበቅም።

«ዶክተሩ ተጫወቱብኝ፣ አባዬ!»

«ምን ያስለቅስሻል? ተማሪዬ አንዲት ባለ ሁለት ቤት ቅኔ፣ ጉባኤ ቃና፣ ለመቁጠር ሦስት ቀን ያምጣል፤ እኔ ግን ሰምቼ ወዲያው አርመዋለሁ። ማምጣቱ ነው ምጡ።»

«የእኔ ይብሳል። መልሱ ቢገኝ እንኳ ለማረም ራሱ ኳንተም ኮምፒውተር ይጠይቃል።»

መሪጌታ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። «እንግዲያ መምህርሽ በምኑ ሊያርምሽ ነው?»

ትሕትና ያን ቀን አርባውን ጣለችው። ነገሩ ለምን እንደሚያስቸግር ሠላሳ ገጽ ጽፋ ፈታኞቿ ፊት ቆመች።

«አርባው የት አለ?» አሉ አንደኛው ፈታኝ።

«እስከ ሃያ አምስት በትክክል አስልቻለሁ። ከዚያ በላዩን ከእናንተ የሚያሰላ ካለ የመምህርነት ወንበሬን እለቅለታለሁ።»

ዶክተር አለምነህ ሳል ያዛቸው። ሌላዋ ፈታኝ ምሥራቅ ግን ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «በጣም ጥሩ» ሰጧት፤ አማካሪዋን የሸነቆጠችበትን የምስጋና ገጽ ግን እንድታለዝበው አዘዟት።

በሩ ላይ አማካሪዋ «ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሏት።

«ቀድመው ቢያነቡስ?»

በሚቀጥለው ክረምት ነገሩን ለአዲሶቹ ተማሪዎች እንድታስረዳ የጠሯት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሄደች፤ ዶክተሩንም ከተማሪዎቹ ጋር የፊት ወንበር ይዘው ሲጽፉ አየቻቸው።