ተጎታቹ ጫፍ ላይ

የአባዬ ፒክአፕ ባዶውን ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ይመዝናል፤ ተጎታቹ ሰባት መቶ። ይህን የማውቀው የመኪናውን ወረቀት የማነብለት እኔ ስለሆንኩ ነው። አባዬ እንግሊዝኛ አይወድም፣ እንግሊዝኛም እሱን አይወደውም። ሥራው ከምንኖርበት ከኢስሊ ሰፈር ነጋዴዎች ጨርቅና ዘይት ጭኖ ድንበሩ ላይ፣ ሞያሌ ማድረስ ነበር።

ወረቀቱ መኪናውና ተጎታቹ ከነጭነታቸው ከአምስት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ እንዳይበልጡ ይላል። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት የነጋዴዎቹን ዕቃ፣ ነዳጁን፣ አባዬን ራሱን ሳይቀር ደመርኩ። (ሰማንያ ኪሎ ነኝ ይላል፤ ሰማንያ አምስት ነው።)

«ሦስት መቶ አርባ አምስት ይተርፋል!» ብዬ ግቢው መሃል ጮህኩ። ደስታ ሆዴ ውስጥ አይቀመጥልኝም፣ ምን ላድርግ።

ጎረቤት ሁሉ ሰማ። እኛ ዘንድ ደግሞ ሞያሌ የሚሄድ ሰው አደራ አልቀበልም አይልም። ምድር ቤት የሚኖሩት እትዬ ሞያሌ ላለች እህታቸው የስፌት መኪና አወጡ። ስኳር መጣ፣ የብረት አልጋ መጣ።

«እትዬ፣ አልጋው ስንት ኪሎ ነው?»

«ምን ኪሎ አለው! ባዶ ብረት እኮ ነው። አንቺ ልጅ፣ ሚዛን ሆነሽ ቀረሽ?»

ሁሉንም በቤታችን ሚዛን ላይ አወጣሁት። ሦስት መቶ ሃያ። ልክ ነው! ተጎታቹ ላይ ግን ቦታ የቀረው ከኋላ መጨረሻው ላይ ብቻ ነበር። «እዚያ ጫፉ ላይ ጫኑት» አልኩ፣ እንደ ትልቅ ሰው እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ።

አባዬ ታጥቦ ሲወጣ ዕቃው ታስሮ አልቋል። ተጎታቹን ዞሮ አየው። እትዬን አያቸው። በስዋሂሊ «ሳዋ»፣ እሺ፣ ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ማርሳቢትን አልፎ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ተጎታቹ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ፤ መኪናውን ጎትቶ ከመንገድ አወጣው። ጫፉ የከበደ ተጎታች የመኪናውን ኋላ ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ጎማው መንገዱን በደንብ አይዝም። ይህን በስልኬ ያነበብኩት ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው፣ የአባዬን ግራ እግር፣ ፍሪሲዮን የሚረግጥበትን፣ ከጉልበቱ በታች ሲቆርጡት።

ጠያቂዎች ሙዝና ጁስ ይዘው መጡ። «ጌታ ይመስገን፣ ነፍስህ ተረፈች» አሉት። እትዬም አለቀሱ፣ ከዚያ አፍንጫቸውን ጠርገው «የስፌት መኪናዋስ?» ሲሉ አባዬ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

ቤት ከገባ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ ነገርኩት። «አባዬ፣ ድምሩ ልክ ነበር። ጫፉ ላይ ጫኑት ያልኩት ግን እኔ ነኝ።»



«ገና ሳየው አውቄያለሁ» አለ። «አውርዱልኝ ለማለት አፍሬ ነው እንጂ።»

ከዚያ የመኪናውን ወረቀት አምጪ አለኝ። ሊሸጠው ነው። «ለሚገዛው ሰው ጻፊለት። ከባዱን ከፊት፣ ጫፉ ላይ ምንም እንዳይጭን።»

በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍኩለት። በጣም አሳምሬ ነው የጻፍኩት።