ባለፉጨቱና ማደንዘዣው

ሰፈሩ ሁሉ ባለፉጨቱ ይለዋል። ቀለም ቀቢ ነው፤ ብሩሹን ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲንጠለጠል ከንፈሩን አሹሎ የራሱን ዜማ ያፏጫል። ያችኑ ዜማ ቤት ውስጥም ሲደግማት ሚስቱ "ኧረ ጆሮዬን!" ትለዋለች። ከፍታ አያስፈራውም። መርፌ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጎረምሳ ሳለ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ማደንዘዣ ሲወጉት ልቡ ድው ድው አለ፣ ዓይኑ ጨለመ፣ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወደቀ። መድኃኒቱ አይስማማህም ተባለ፤ እሱም ይህችን ቃል እንደ ማዕረግ ይዟት ኖረ። ቆይቶ ሌላ ጥርሱን ያለ ማደንዘዣ ሲያስነቅል ሰፈሩ ጀግና አለው፤ ያን ቀን እንዴት እንዳለቀሰ የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት።

ዘንድሮ የመንጋጋ ጥርሱ ተቦረቦረ። ነፋስ በገባ ቁጥር ስለሚጠዘጥዘው ፉጨቱን ተወ። ሥራም ላይ ዝም፣ ቤትም ዝም። ሚስቱ ዝምታው አንገሸገሻትና እየጎተተች የአለርጂ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

ሐኪሟ ክንዱ ላይ የማደንዘዣውን ጠብታ አድርጋ ቆዳውን በመርፌ ጫፍ ነካ አደረገችው። ቢጠበቅ እብጠትም ማሳከክም የለም። ቀጥሎ ማደንዘዣውን መጠኑን እየጨመረች ከቆዳው ሥር እንደምትወጋው፣ ከመርፌዎቹ አንዱ ግን መድኃኒት የሌለበት ጨዋማ ውሃ እንደሆነ፣ የትኛው እንደሆነ ግን እንደማትነግረው አስረዳችው።

በመጀመሪያው መርፌ ላቡ ችፍ አለ። ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ መሞቴ ነው ብሎ የሥራ መሰላሉን ለወንድሙ ተናዘዘ። ሐኪሟ ጉሮሮውን አየች፣ ትንፋሹን አዳመጠች፣ የደም ግፊቱን ለካች፤ ሁሉም ደህና ነበር። ሲረጋጋ፣ የቤቱን ቀለም በየቀኑ ስለሚያስቀይር አንድ ጨቅጫቃ ደንበኛው ማውራት ጀመረ። ወሬው ሳያልቅ የቀሩት መርፌዎች አለቁ።

"የማደንዘዣውን ሙሉ መጠን ወስደዋል፤ ምንም አልሆኑም" አለችው ሐኪሟ ጠብቃ ጠብቃ። "ያ የመጀመሪያው ውሃ ነበር። ያኔም የጣለዎት ፍርሃት ሳይሆን አይቀርም።"

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ባለፉጨቱ አፍሮ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ሳቋን አፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"መሰላሉን ለወንድምህ ሰጠህ፤ ለእኔ ብሩሿን እንኳ ነፈግኸኝ?" አለችው። ያን ጊዜ እሱም አልቻለም፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

በዚያው ሳምንት ጥርሱን በማደንዘዣ አስሞላ። ቅንጣት አላመመውም። ከክሊኒኩ ሲወጡ ደስታው ልክ አጥቶ መንገድ ላይ ሊያፏጭ ሞከረ፤ ከንፈሩ ደንዝዟልና ምራቁ ብቻ ተረጨ። ደግሞ ሞከረ፤ እምቢ አለው።

ሚስቱ ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ከንፈሯን አሹላ፣ ዜማውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዲት ሳታዛንፍ አፏጨችለት።