ዓርብ ቀትር የተኛች ታንኳ

አስማማው አዘዘ ከውሃ በቀር የሚኮራበት ነገር አልነበረውም። አባቱ ከዘጌ የማገዶ እንጨት በታንኳ እየጫኑ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚያመላልሱ ሰው ስለ ነበሩ፣ ልጃቸው መሬት ላይ በቅጡ መሮጥ ሳይጀምር መቅዘፍ ለምዶ ነበር። በ1973 ዓ.ም. እኔ አማርኛ አስተምርበት ወደ ነበረው ጣና ዳር ወዳለው ኮሌጅ ሲገባ፣ የያዘው ንብረት አንድ ካኪ ሱሪና ሁለት ሸሚዝ ነበር።

በዚያ ዘመን ተማሪ ከክፍል ሲወጣ ሥራ አይፈታም። ኪነት ነበረ፤ መረብ ኳስ ነበረ፤ የግድግዳ ጋዜጣ ነበረ፤ በየሰኞው ደግሞ የውይይት ክበብ። አስማማው ለኪነት ቢያመለክት የመጋረጃውን ገመድ እንዲስብ ተመደበ። ለመረብ ኳስ ቁመቱ አልበቃም። ለጋዜጣው ያቀረበውን ግጥም የመለስሁበት እኔው ነኝ፤ ቤት አይመታም ነበርና። በኋላ ግን የታንኳ ክበብ ሲቋቋምና እኔ ተቆጣጣሪ ሆኜ ስሾም፣ ያ አንገቱን የደፋ ልጅ ቀና አለ። እኔ ዋና እንኳ የማልችል ሰው ነኝ፤ ክበቡን በእውነት የመራው እሱ ነው።

ሙሀመድአወል፣ ሁሉም ሙሔ የሚለው፣ የወረታ ነጋዴ ልጅ ነበር። በኪነት ይዘፍናል፤ በመረብ ኳስ ይመታል፤ የጋዜጣውም የቀልድ ዓምድ በእሱ እጅ ነበር። አስማማው የሙሔ ዘፈን ሲያልቅ የሚስበው መጋረጃ ከብረት የተሠራ ያህል ይከብደው እንደ ነበር በኋላ ነግሮኛል። ሆኖም ቻለው። ውሃው የራሱ ነበረና።

በ1974 ዓ.ም. በየካቲት ወር ሙሔ የታንኳ ክበብ አባል ለመሆን መጣ።

«አንተ ደግሞ እዚህ ምን ጎደለህ?» አለው አስማማው።

«የብሱን ጨረስሁት፤ ውሃው ቀረኝ።»

«ዋና ትችላለህ?»

«እኔ? ውሃ የማውቀው በብርጭቆ ነው!»

እሌኒ ሳቀች። እሌኒ የክበቡ መዝገብ ያዥ ስትሆን፣ አባቷ ከናዝሬት ተዛውረው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሚሠሩ ሰው ነበሩ። አስማማው ያን ያህል ጊዜ አጠገቧ ቆሞ የአባላትን ስም ሲያስመዘግብ እንዲያ ስቃለት አታውቅም። የሙሔን ስም ስትጽፍ ብዕሯ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ዝግ ያለ መሰለው።

ያም ሆኖ ሙሔን ያስተማረው አስማማው ነው። አንዱን ደንብ ደጋግሞ ነገረው፦ «ከውሃ እንደ ወጣህ ታንኳህን አቁመህ ዛፍ ላይ አስደግፋት። የተሠራችበት ደንገል ውሃ ይጠጣል። ተኝታ የዋለች ታንኳ ከላይ ደረቅ ብትመስልም ከውስጥ ትከብዳለች፤ ሐይቁ መካከል ስትደርስ ትከዳሃለች።» ሙሔ በሁሉም ነገር ቀልደኛ ቢሆንም ይህን ደንብ አንድ ቀን አላፈረሰም።

በግንቦት ወር ውድድር ሊደረግ ታቀደ። አንደኛ የሚወጣው በሚቀጥለው ዓመት የክበቡ ሰብሳቢ እንዲሆን ተወሰነ። በልምምዱ ሙሔ ሁለት ጊዜ ከአስማማው እኩል ገባ። በሁለተኛው ጊዜ ክንዱ የተባለ የክበቡ ቀዛፊ ከዳር ሆኖ ጮኸ፦

«አስማማው! ተማሪህ ሊበልጥህ ነው! ግድ የለም፣ የመጋረጃው ገመድ አለልህ!»

ሁሉም ሳቁ። ሙሔ ግን ሳይስቅ «ተወው እባክህ፤ ያለ እሱ መቅዘፊያ ከየት በኩል እንደሚያዝ አላውቅም ነበር» አለ። አስማማውን ከክንዱ ቀልድ ይልቅ ይህ ቃል አቃጠለው። ደግነቱ እንኳ ከእሱ በልጦ ታየው።

ውድድሩ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ዓርብ ቀትር ላይ ሙሔ ለጁምዓ ሶላት ወደ መስጊድ ሄደ። የቀሩት ተማሪዎች ምሳ ላይ ነበሩ። አስማማው ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ፣ ዋርካው ላይ ተደግፋ የቆመችውን የሙሔን ታንኳ አንሥቶ ዳሩ ላይ በበቀለው ደንገል መካከል በውሃው ላይ አስተኛት፤ እንዳትንሳፈፍም ድንጋይ ጫነባት። ሙሔ ከሶላት በኋላ በቀጥታ ወደ ኪነት ልምምድ እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሶ አወጣትና በነበረችበት አቆማት። ስትነሣ ከብዳ እንደ ነበር፣ ወገቡንም እንዳመመው ነግሮኛል። ያ ክብደት ያን ጊዜ ደስ አሰኝቶት ነበር።

በነጋታው ነፋስ ሳይነሣ ሰባት ታንኳዎች ተነሡ። ውድድሩ ሐይቁ ላይ በድንጋይ ታስሮ የሚንሳፈፈውን ባዶ በርሜል ዞሮ መመለስ ነበር። አስማማው በርሜሉን ቀድሞ ዞረ። ሲመለስ ሙሔን ፊት ለፊት አየው፤ ታንኳዋ ዝቅ ብላ፣ ውሃው ጉልበቱን እያራሰው፣ በሙሉ ኃይሉ ይቀዝፋል።

«አስማማው፣ ዛሬ ምን ነካት?» አለው ሙሔ ሲተላለፉ።

አስማማው መቅዘፉን ቀጠለ። ጥቂት እንደ ሄደ ከዳር ጩኸት ሰማ፤ ዞር ቢል ታንኳዋ ተጋድማ ሙሔ በውሃው ውስጥ ነበር። የዳሩ ሰው ሁሉ «ሙሔ! ሙሔ!» ይላል። ከሁሉም በላይ የእሌኒ ድምፅ ይሰማ ነበር። የአስማማው የመጀመሪያ ሐሳብ፣ እንደ ነገረኝ፣ እርዳታ አልነበረም። «እየቀደምሁ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ስሙ የሚጠራው ግን የእሱ ነው» የሚል ነበር። ይህን እያሰበ ዐሥራ አንድ ጊዜ ቀዘፈ። ቁጥሩን በትክክል ያስታውሰዋል።

በዐሥራ ሁለተኛው ታንኳውን መለሰ። ዘልሎ ገባ፤ ሙሔን በሸሚዙ አንገትጌ ይዞ ወደ ታንኳው አስጠጋው። ዳር ሲደርሱ ሙሔ ውሃ እየተፋ ነበር። ክንዱ በዚያ መካከል አንደኛ ቢገባም ዞሮ ያየው ሰው አልነበረም። አስማማውን በትከሻቸው ተሸከሙት። እሌኒ የራሷን ነጠላ አለበሰችው።

ሰኞ የክበቡ ስብሰባ ተደረገ። እንደ ዘመኑ ልማድ ከማንኛውም ሥራ በኋላ ሂስና ግለ ሂስ ይቀርብ ነበር። እያንዳንዱ ቆሞ በመጀመሪያ የራሱን፣ ቀጥሎ የባልንጀራውን ጥፋት ይናገራል፤ ብዙዎቻችን የራሳችንን በአጭሩ ጨርሰን ወደ ባልንጀራችን እንቸኩል ነበር። ሙሔ ቀድሞ ተነሣ።

«ጓዶች፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዓርብ ስቸኩል ታንኳዬን በደንብ አላቆምኋትም መሰለኝ። አስማማው መቶ ጊዜ ነግሮኛል። ሂሴን በዚህ ልጨርስና አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ክንዱ ካልተቀየመኝ፣ ሰብሳቢያችን አስማማው ይሁን።»

«ምን እቀየማለሁ! እኔ የቀደምሁት ሰው የለም!» አለ ክንዱ።

አዳራሹ ሳቀ፤ አጨበጨበ፤ «አስማማው! አስማማው!» አለ። እሌኒ መዝገቡን ገልጣ ስሙን ጀመረች። ሁለት ዓመት የተመኘው ይኸው ነበር። እኔም ተቆጣጣሪ እንደ መሆኔ ልፈርም ብዕሬን አውጥቼ ነበር።

አስማማው ተነሣ። «አትጻፊው» አላት። ቀጥሎም «ታንኳዋን አቁሟት ነበር የሄደው። ያስተኛኋት እኔ ነኝ» አለ።

ጭብጨባው ከኋላ ወንበር እስኪቆም ጥቂት ጊዜ ወሰደ። አንዱ «ከኮሌጁ ይባረር!» ሲል ጮኸ። እሌኒ ብዕሯን ከወረቀቱ ላይ ሳታነሣ ቀረች፤ ቀለሙም በተጀመረው ስም ላይ ፈሰሰ። ሁላችንም ወደ ሙሔ ተመለከትን።

ሙሔ ወደ አስማማው ዞረ። ከዚያም «ቢያባርሩህ ዋና ማን ያስተምረኛል?» አለው።

ማንም አልሳቀም። አስማማው ለአንድ ዓመት ከክበቡ ታገደ፤ እኔም ፈረምሁበት፤ ዛሬም ቢሆን እፈርምበታለሁ። በዚያ ክረምት ግን ከእግዱ ሳያፈነግጥ፣ ያለ ታንኳ፣ ሙሔን በየጠዋቱ ዋና ሲያስተምረው አይቻለሁ።

አስማማው ይፋግ ተመድቦ ሠላሳ ሁለት ዓመት አስተማረ። ሙሔ በወረታ የአባቱን ንግድ ያዘ፤ በየበዓሉ ይጠያየቃሉ። ባለፈው ጥር አስማማው ግሽ አባይ ካለው ቤቴ መጥቶ ይህን ሁሉ አጫወተኝ፤ እንድጽፈውም ፈቀደልኝ።

«ያን ቀን ስትናገር ቀለል አለህ?» ስል ጠየቅሁት።

«የለም፣ ጋሼ» አለኝ። «እኔ ያንን ለመናገር ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እሱ በአንድ ቃል ይቅር አለኝ። እሌኒም፣ አዳራሹም እንደ ገና እሱን አዩ።» አንገቱን ደፋ፤ ያ የጥንቱ ልጅ ፊቴ የቀረበ መሰለኝ። «ይቅር ማለቱንም ቀናሁበት። በማግሥቱ ግን ውሃው ዳር ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት፤ ሸሚዙን አውልቋል፤ በብርድ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ብቻ፣ የማይችለው ነገር እንዳለ አየሁ። እጁን ይዤ አስገባሁት።»