አጎዛውን ስገለብጠው

ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን

ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ እኔ ግን ከደስታዬ ብዛት ጋቢዬን መደረብ እንኳ ረስቻለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር የቆዳ ጓንት እሰፋለሁ። የመጀመሪያው ትልቅ ትዕዛዝ መጥቶልናል። የምናገኘው ቆዳ ግን በቢላ የተበሳሳ ነው። ቀዳዳውን እየሸሸን ስንቆርጥ ብዙው ብጣሽ ሆኖ ይቀራል፤ ዋጋችንም ከውጭ ከሚገባው ጓንት ይበልጣል። ደህና ቆዳ ካላገኘሁ ትዕዛዙ ከእጃችን ሊወጣ ነው። ስለዚህ በጉ ወዳለበት፣ ወደ መንዝ!

«በግ ብትገዢ እኮ ቆዳው ምርቃት ነበር» ይለኛል ሾፌሩ ታደለ።

ረፋድ ላይ፣ ሞላሌ

ገብስ፣ ባቄላ፣ የበግ ጠጉር ባና፣ በግ፣ በግ፣ አሁንም በግ! ቆዳ ነጋዴው ዘንድ ገብቼ አንዱን ቆዳ ወደ ብርሃን አነሳሁት። ሰማዩ በቀዳዳው ታየኝ። ሌላውም ያው ነው።

«ማነው የገፈፈው?»

«ጋሽ ደምሴ ናቸው። በዚህ አገር እንደሳቸው ያለ ገፋፊ የለም።»

ሳቄ መጣ። አንደኛው እንዲህ ከሆነ ሁለተኛውን አያሳየኝ! ቤታቸውን ጠይቄ መንገድ ቀጠልን።

ከሰዓት በኋላ፣ ጓሳ ጥግ

ሜዳው ሁሉ ሳር ነው፤ ነፋሱ ያስተኛዋል፣ ያነሳዋል። ጋሽ ደምሴ ደጃፋቸው ላይ ተቀበሉን። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ መደቡ ላይ ነጭ አጎዛ አነጠፉልኝ፣ በሶና ጠላ ቀረበ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ የአጎዛውን ጠርዝ ገለበጥኩት። አንድም የቢላ ጭረት የለበትም!

«ይሄን ማን ገፈፈው?»

«እኔ ነኛ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«የሞላሌዎቹንስ?»

«እነሱንም እኔ። ያ እኮ የሽያጭ ነው ልጄ፣ ማን ይቀመጥበታል? አጎዛ ግን የእንግዳ ነው። ቢላ አይነካውም፣ በቡጢ ነው የሚገፈፈው።»

«አጎዛዬን ቢበሳውማ እሱ ራሱ መሬት ይተኛታል!» አሉ እትዬ አስካለ።

ከመደቡ ዘልዬ ተነሳሁ። የምፈልገው እጅ እዚሁ ነበር! ከቦርሳዬ ጓንት አወጣሁ። ለጋሽ ደምሴ ጠበባቸው፤ ለእትዬ አስካለ ግን ልክ ሆነ። ጣታቸውን ዘረጉ፣ አጠፉ፣ እንደገና ዘረጉ።

«ይሄ የኛ በግ ነው?»

«የመንዝ በግ ነው።»

ጋሽ ደምሴ የሚስታቸውን እጅ ይዘው አገላብጠው አዩት።

በማግስቱ

ጋሽ ደምሴ ለጎረቤት ማኅበር በግ ሊያርዱ ሲሄዱ ተከተልኳቸው። አርደው የሆዱን ቆዳ በቢላ ቀደዱና ቢላውን ለጎረቤትየው አቀበሉት። ከዚያ ቡጢያቸውን በቆዳውና በሥጋው መካከል አስገብተው ቀስ እያሉ ይገፉ ጀመር።

«ለአጎዛ ነው እንዴ ደምሴ?» አለ ጎረቤትየው።

«የለም፣ ለሽያጭ ነው።»

«ታዲያ ምን ያደክምሃል?»

ጋሽ ደምሴ ቀና ሳይሉ መለሱ። «የእንግዳ እጅ ይገባበታል።»

ቆዳውን ተቀብዬ ወደ ፀሐይ አነሳሁት። ሰማዩ አልታየኝም። እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ማኅበርተኛው የማን ሠርግ ነው ብሎ ዞረ።