ሀርሺን ላይ እምቢ ያለው ዊንች

ይህ ጉዞ የመጣብኝ በራሴ አፍ ጦስ ነው። ሥራዬ ከባድ መኪና መጠገን ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት ጅግጅጋ፣ ጋራዤም እዚያው ነው። ደንበኛዬ ሐጂ ሙሴ ከመንገድ የወጡ መኪኖችን የሚጎትት አንድ ያረጀ ባለ ዊንች መኪና አላቸው። መኪናው የሚውለው ሀርሺን በኩል ሲሆን፣ የሚነዱት አዴር ማህዲ የሚባሉ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሹፌር ናቸው። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ጅግጅጋ ላይ ትልቅ ሰውን ሁሉ የምንጠራው በዚሁ ነው።

ያ መኪና በአንድ በጋ ሦስት ጊዜ «ዊንቹ አይስብም» ተብሎ መጣልኝ። ሦስቱንም ጊዜ ጋራዤ ውስጥ ስሞክረው፣ ድንጋይ የጫነ ገልባጭ አስሬበት ሳይቀር፣ እየዘፈነ ሳበ። አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። በመጣ ቁጥር የዊንቹ ዘይት ጎድሏል፤ ያፈሰሰበት ቦታ ደግሞ የለም። ሳያፈስ የሚጎድል ዘይት ሰው የቀዳው ነው ብዬ ደመደምኩ። ለሐጂም፣ «መኪናው ጤነኛ ነው፤ ዘይቱን የሚሸጠውን ሰው ይጠይቁ» አልኳቸው። ይባስ ብዬ «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» የምትለዋን ተረት ጨመርኩበት።

በአራተኛው ጊዜ፣ አሸዋ የያዘውን የውሃ ቦቴ ዊንቹ አልስብ አለ ተብሎ ከሀርሺን ሲደወል ሐጂ ሙሴ ጋራዤ ድረስ መጡ።

«አሁን ሂድና በዓይንህ እይ» አሉኝ። «ነገሩ አንተ እንዳልከው ከሆነ ማህዲን አውርደህ መኪናውን ራስህ ነድተህ ና። አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። በወሬ አላባርረውም።»

ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ጅግጅጋ

ወደ ሀርሺን ቶሎ መድረስ የፈለገ ሰው በጫት መኪና ይሄዳል። ጫት ከዘገየ ይጠወልጋል፤ ስለዚህ ሹፌሩ ለፍየል ካልሆነ ለማንም አይቆምም። የመፍቻ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከሁለት ነጋዴዎች ጋር ከኋላ ተጣበብኩ። እስከ ቀብሪ በያህ አስፋልት ነው። እዚያ የሚቀረው ጫት እስኪወርድ ሻይ በወተት ጠጥተን፣ ከአስፋልቱ ተገንጥለን አቧራውን ተያያዝነው።

መሬቱ ሜዳ ነው። ግራር፣ ጉብ ያለ የምስጥ ኩይሳ፣ አልፎ አልፎ አፉ በእሾህ የታጠረ ቢርካ፣ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ማለት ነው። ጊዜው ጅላል፣ ደረቁ ወቅት፣ ስለነበር ካየናቸው ቢርካዎች አብዛኞቹ ደርቀዋል። ውሃ የጫኑ ቦቴዎች እየተከታተሉ ያልፉናል።

ሀርታሼክን ስናልፍ አንደኛው ነጋዴ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። አዴር ማህዲ ጋ ነው ስለው ሳቀ።

«ማህዲ ዳገት ጋ?»

«ለምን ዳገት ትሉታላችሁ?»

«ሀርሺን ዳገት የላትም። እሱ ግን አንድም ቀን ሜዳ ላይ አቁሞ አያውቅም። ኩይሳም ብትሆን ፈልጎ እላይዋ ይወጣል።»

ባልንጀራው ደግሞ፣ «ቤት የሠራውም ለመኪናው ቁልቁለት አይቶ ነው» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም አብሬ ስቄ ረሳሁት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ከሀርሺን ወዲያ

የተቸገረው ቦቴ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ደረቅ ወንዝ በሚወርድበት ቁልቁለት አናት ላይ ነበር። ከመንገድ ስቶ የኋላ ጎማዎቹ አሸዋ ውስጥ ሰምጠዋል። ውሃውን የሚጠብቁት ሰዎች ቢጫ ጀሪካኖቻቸውን ደርድረው ጥላ ይዘዋል። የእኛ መኪና ከቦቴው ዝቅ ብሎ፣ አፍንጫውን ወደ ወንዙ ደፍቶ፣ ካቦውን፣ የዊንቹን የብረት ገመድ፣ ከኋላው ዘርግቶ ቆሟል።

አዴር ማህዲ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፂማቸውን በሂና የቀለሙ ሰው ናቸው። ሰላምታችን አጭር ነበር።

«ተስፋዬ፣ ጅግጅጋ ላይ ይሠራል ትላለህ አሉ» አሉኝ። «ይኸው ዊንቹ። እዚህ አሠራው።»

ሞተሩን አስነሱ፤ ፍሪሲዮን ረግጠው ፒቲኦውን አስገቡ። ፒቲኦ ከካምቢዮው ጎን ሆኖ የሞተሩን ጉልበት ለዊንቹ ፓምፕ የሚያሻግረው ክፍል ነው። መኪናው ሥር ተኝቼ አየሁ፦ ገባ። ዘንጉም ይሽከረከራል። ካቦው ተወጠረ፣ ቦቴው ነቅነቅ አለ፣ ከዚያ ፓምፑ ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ ማጓራት ጀመረና ካቦው የሚጠቀለልበት ከበሮ ቀስ እያለ ቆመ። ይህን ድምፅ ጋራዤ ውስጥ አንድም ቀን አልሰማሁትም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ ለጥርጣሬዬ ሳይሆን ለእንቆቅልሹ።

ዘይት ጎድሎ እንደሆነ ብዬ ወደ ታንኩ ሄድኩ። መጠኑን የሚያሳየው መስታወት በፊተኛው ጫፍ ነው፤ እስከ ልኩ ሞልቷል። ክዳኑን ስከፍት ግን ዘይቱ እንደተናጠ ወተት አረፋ ደፍቋል። አረፋ አየር ነው። ከሞላ ታንክ ውስጥ ፓምፑ አየር የሚስበው ከየት ነው? ሽቦ ከኋለኛው ጫፍ፣ ፓምፑ ዘይት በሚቀዳበት በኩል ሰደድኩ። የመቅጃው ቱቦ አፍ አካባቢ ሽቦው የነካው ዘይት ጣት አይሞላም።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። መኪናው ቁልቁል ስለቆመ ዘይቱ ሁሉ ወደፊት ሄዷል። መስታወቱ ሙሉ ነው፣ ቱቦው ጦሙን ነው።

«አዴር፣ መኪናውን ለምን ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ያቆሙታል?»

ሞኝ እንዳዩ ሁሉ አዩኝ። «ባትሪው ድሮም አይታመንም፤ ዘንድሮ ጭራሽ ስለሞተ ስጎትትም ቁልቁለት ላይ ሆኛለሁ። በሥራ መሃል ሞተሩ ቢጠፋብኝ እዚህ በረሃ ማን ይገፋልኛል? አንከባልዬ አስነሳዋለሁ። ባትሪ ግዛልኝ ስለው ሐጂ እስኪዘንብ ታገስ አለኝ።»

ባትሪው መሞቱን አውቅ ነበር። ጋራዥ ውስጥ በእኔ ባትሪ ስለምናስነሳው ነገሬ ብዬው አላውቅም።

«ዘይቱንስ? በመጣ ቁጥር የሚጎድለው?»

«እሱን እኔ ልጠይቅህ። በጠገንክልኝ ቁጥር አብዝተህ ትሞላዋለህ። እዚህ ስደርስ መስታወቱ ይሞላል፣ እኔ አጎድላለሁ።»

«የጎደለውን የት አደረሱት?»

የመሣሪያ ሣጥናቸውን ከፈቱ። አራት ትንንሽ ጀሪካኖች፣ አፋቸው በጨርቅ የታሰረ፣ ዘይቱ ንጹሕ። «የሰው ንብረት ነው፤ የት እጥለዋለሁ?» አሉ።

ለካ ቁልቁለቱ መስታወቱን ከልክ በላይ እያሞላባቸው፣ ትርፍ የመሰላቸውን ቀድተው ሲያስቀምጡ ነው የከረሙት። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ።

ቀሪው ቀላል ሥራ ነበር፤ ከባዱ እሳቸውን ማሳመን ነው። አሥራ አንድ ዓመት የኖሩበትን ብልሃት በአንድ ከሰዓት አይለቁም። የቦቴውን ባትሪዎች ፈትተን ካሠርንላቸው በኋላ ብቻ ቢስሚላሂ ብለው መኪናውን ታች ወደ ሜዳው አወረዱት። ከጀሪካኖቹ አንዱን ወደ ታንኩ መለስን፤ መስታወቱ ልኩን አሳየ። አረፋው እስኪበርድ ጠብቀን፣ ካቦውን እስከ መጨረሻው ዘርግተን ሰዎቹን አራቅን። ፒቲኦው ገባ። ፓምፑ ሳያጓራ ሳበ፤ ቦቴው ከአሸዋው እየተነቀለ ወደ መንገዱ መጣ። ሰዎቹ ጀሪካኖቻቸውን አንስተው ተከተሉት።

አዴር ማህዲ አልጨፈሩም። ወደ ታንኩ ሄደው መስታወቱን ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። «በል ና፣ እንብላ» አሉኝ። ሀርሺን ገብተን ከአንድ ትሪ ሩዝ በፍየል ሥጋ በላን። መቅኒውን ለእኔ አደረጉ። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ለምን እንደተላክሁ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

መልስ

በማግስቱ ወደ ጅግጅጋ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። መኪናውን ሦስት ጊዜ ፈትሼዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ በእኔ ሲሚንቶ ወለል ላይ። እሱ የት ቆሞ እንደሚሠራ አንድ ጊዜ ብጠይቅ ኖሮ የአንድ ሰው ስም ባልጎደፈ።

ሐጂ ሙሴ ሱቃቸው በር ላይ ነበሩ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የባትሪውን ነገር ስደርስ አንገታቸውን ደፉ።

«እሱ የእኔ ጥፋት ነው» አሉ። «ሌባ ብለኸው እንደነበርስ ነገርከው?» ብለው ጠየቁኝ።

አልነገርኳቸውም።

«እንግዲያው ባትሪውን የምታደርስለት አንተ ነህ።»

በሳምንቱ አዲሶቹን ባትሪዎች ይዤ ሄድኩ። አዴር ማህዲ ከቤታቸው አጠገብ ቁልቁለቷ ላይ ካቆሙት መኪና ጎን ቆመው የባትሪውን ገመድ ሲያጠብቁ፣ ለሐጂ ያልኩትን ሁሉ ሳላስቀር ነገርኳቸውና ይቅርታ ጠየቅሁ። መፍቻውን ማዞር አላቆሙም።

«አውቃለሁ» አሉ። «ገና ሳትመጣ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ሩዙን ስንበላ ትነግረኛለህ ብዬ ጠብቄህ ነበር።»

መፍቻውን ሲያቀብሉኝ ተቀበልኩና ሁለተኛውን ገመድ አጠበቅሁ።