ውልብና የደንበኛው ወንበር

ወንድሜን ሲደበድቡት አይቻለሁ፤ ሲደበድብም አይቻለሁ። ከሁለቱ የበለጠ አንጀቴን ያሳረረኝ ግን ሳይደባደብ ዝም ብሎ የዋለበት ቀን ነው። እሱን እነግራችኋለሁ። ግን ከሥሩ ልጀምር፤ አለበለዚያ ሁለታችንንም ነገረኛ ብላችሁ ታልፉናላችሁ።

በስሙ የሚጠራው የለም። ውልብ ነው የሚሉት። መኪና ሥር ውልብ ብሎ ይገባል፣ ውልብ ብሎ ይወጣና "አለቀ" ይላል። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፣ ጎሚስታ ነኝ። አዎ፣ ሴት ጎሚስታ። ጎማ አላቅቃለሁ፣ እጠግናለሁ፣ እነፋለሁ። "ሠራተኛው የት አለ?" ብሎ የሚጠይቀኝን ደግሞ ጎማውን አሸክሜ ወደመጣበት እመልሰዋለሁ። የምንሠራው አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ እኔ በሩ አጠገብ፣ እሱ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር።

ፍጥነቱ አብሮት የተወለደ እንዳይመስላችሁ። በዱላ የገባ ነው። ሙያውን ያስተማረው አለቃ እጁ ላይ ያገኘውን ሁሉ የሚወረውር ሰው ነበር። ውልብ ቡሎን ሲፈታ ትንሽ ከዘገየ የመፍቻው ብረት እየበረረ ይመጣል። አንድ ቀን ግንባሩን ፈነከተው፤ ልጁ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ሥራውን ጨረሰ። ቤት ሲገባ እናታችን ጩኸቷን አቀለጠችው። እኔ መጥረቢያ ይዤ ልወጣ ስል በሩን ቆለፈችብኝ። እሱ ደግሞ ግንባሩን በጨርቅ ይዞ፣ "እቴ ተይው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዘገየሁ" ይለኛል! ከዚያ ወዲህ ብረቱ ሳይደርስበት መጨረስ ለመደ። አለቃው ሲሞት ቀብሩ ላይ አለቀሰ፣ የኔ የዋህ። እኔ ላልቅስ? ምን ቆርጦኝ!

የራሱን ሥራ ሲከፍት ከእንግዲህ ማንም አይወረውርብኝም ብሎ ነበር። ጉድ እኮ ነው፣ ያኛው ዘገየህ ብሎ ሲፈነክተው፣ ደንበኞቹ ደግሞ ፈጠንክ ብለው መጡበት።

ዋጋ የሚነጋገረው ኮፈኑ ሳይከፈት ነው። የመለዋወጫው ይህን ያህል፣ የእጅ ዋጋ ይህን ያህል ይላል፤ ሰውየው እሺ ይላል። ዋጋው ከሌሎቹ ጋራዦች ጋር እኩል ነው፣ እንዲያውም ያንሳል። ጣጣው የሚመጣው ሥራው ሲያልቅ ነው። ሌላው ግማሽ ቀን የሚታገለውን እሱ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል። ደንበኛ የሚቀመጥበት ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አለ። ውልብ ራሱ ነው ከቤቱ ያመጣው፤ "ደንበኛ ቆሞ አይጠብቅም፣ ነውር ነው" ብሎ። እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጨዋ የነበረ ሰው ሁሉ ሰዓቱን አይቶ ሲነሳ ሌላ ሰው ይሆናል።

"ለዚህች ነው ይሄን ሁሉ የምከፍለው?"

"ወንድሜ፣ መኪናው ይሄዳል አይሄድም?" ይላል ውልብ።

"ይሄዳል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ መቼ ደከምክበት!"

ስንቱን ልንገራችሁ። አንዱ ግማሹን ወርውሮ ሊሄድ ሲል ውልብ በመስኮት እጁን ሰደደ፤ ሰውየው መስታወቱን ዘጋና ክንዱን እዚያው ቀርቅሮበት ነዳው። መስታወቱን በመዶሻ ያረገፍኩት እኔ ነኝ። ሌላው፣ የሚኒባስ ሹፌር፣ በቴስታ አፍንጫውን ሰበረው። ውልብም የተፈታ የሞተር ቺንጋ አንስቶ ሸሚዙ እስኪቀደድ ገረፈው። እኔም እጄን አጣጥፌ አልቆምኩም፤ ጎማ የማላቅቅበት ብረት ለጎማ ብቻ አይደለም የተሠራው።

ከሁሉም የከፋው ብሎኬት ነው። ብሎኬት የምንለው የብሎኬት ማምረቻ ስላለው ነው፤ አንገቱን ካያችሁት ደግሞ ምክንያት አትጠይቁም። ፒካፑን ያመጣው ክሮቼራው ተበልቶ ነበር። ክሮቼራ ማለት መኪናው ሥር የሚሽከረከረውን ረጅም ዘንግ የሚያያይዘው ብረት ነው፤ ሲበላ መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ኳ ኳ ይላል። አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ማስገባት የመዶሻ ሥራ ነው። ውልብ ገባ፣ ጥቂት መታ መታ አደረገ፣ ወጣ፣ "አለቀ" አለ።

ብሎኬት ከወንበሩ ተነስቶ የዋጋውን ግማሽ መሬት ላይ፣ ዘይቱ ውስጥ ጣለው። "አንሳ፣ ሌባ!"

ውልብ አላነሳም። "የተስማማነውን ስጠኝ።"

ጥፊው እኔ ያለሁበት በር ድረስ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ያለውን ደህና አድርጌ አላስታውሰውም። ውልብ ሆዱን ብሎት ኮፈኑ ላይ ሲዘረጋው፣ ብሎኬት ተነስቶ የወንድሜን ራስ ከፒካፑ በር ጋር ሲያላትመው፣ አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ፣ እኔም ብሎኬት ጀርባ ላይ ተንጠልጥዬ ጆሮውን ስነክሰው ትዝ ይለኛል። አዎ፣ ነክሼዋለሁ። ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይላል።

ባለ ግቢዋ እማማ ከላይ ሰገነታቸው ላይ ሆነው ሁሉንም አይተዋል። ወረዱ። መሬቱ ላይ የተንጠባጠበውን ደም በጫማቸው ጫፍ አሳዩን።

"ስሙኝ ልጆቼ" አሉ። "እስከዛሬ ችያለሁ። ከእንግዲህ ግቢዬ ውስጥ ደም ካየሁ ዕቃችሁን አውጥቼ መንገድ ላይ ነው የምጥለው። ተከራይ እንደሆነ በሽ ነው።"

እማማ ቀልድ አያውቁም። ያንን ግቢ ካጣን ደግሞ አለቀልን፤ በዚያ ኪራይ ሌላ ቦታ የለም፣ የውልብ ሚስት እርጉዝ ናት፣ እናታችን የምትበላው ከኛ እጅ ነው። ውልብ ግንባሩን በውሃ አጠበ። ከዚያ፣ "እቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከደንበኛ ጋር አልደባደብም" አለኝ።

"እና በነፃ ልትሠራ ነው?"

"አይደለም። እንድደክም አይደል የፈለጉት? እደክምላቸዋለኋ!"

የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። ለካ የምሩን ነው። ሥራውን እንደ ልማዱ ውልብ አድርጎ ይጨርሳል፣ ግን አይወጣም። መኪናው ሥር እንደተጋደመ አንድ ቁራጭ ብረት ደረቱ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ ይቀጠቅጣል። "እህህ!" ይላል። "አንቺ ግትር፣ ነይ ውጪ!" እያለ የሌለ ቡሎን ይሳደባል። ሲወጣ ፊቱን ግሪስ ተቀብቶ፣ እያለከለከ ነው። ይሄኔ ደንበኛው ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ "ኧረ ወንድሜ ለፋህ!" ይልና ዋጋውን ቁጭ ያደርጋል። አንዱማ ውሃ ገዝቶ አጠጣው።

እኔ ድብን እል ነበር። "አንተ ሰውዬ፣ ባለሙያ ነህ ወይስ ተዋናይ?" አልኩት።

"ሁለቱንም ነኝ። የሚከፈለው ግን ተዋናዩ ነው" አለና ሳቀ። ሳቁ ዓይኑ ድረስ አልደረሰም።

ግቢው ሰላም ሆነ። ያ ብሎኬት ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው። የኋለኛው ክሮቼራም ተበልቶበት ሌላ ጋራዥ ወስዶት ነበር፤ ይባስ አበላሽተው ላኩት። ነውር የለው፣ እኛው ዘንድ መጣ። ወንበሯን ጎትቶ ፒካፑ አጠገብ ተቀመጠና እግሩን አነባበረ።

"ዛሬ ላብህን ካላየሁ ሰባራ ሳንቲም የለህም" አለው።

ብረቴን ጨበጥኩ። ውልብ በዓይኑ ለመነኝ። ወደ ላይ ቀና ስል እማማ ሰገነታቸው ላይ ልብስ ያሰጣሉ። ተውኩት።

ውልብ ፒካፑን በክሪክ አነሳ፣ ሥሩ የብረት ድጋፍ አስገባ፣ ገባ፣ ሠራ። ከምር ሠራ። ሲጨርስ ወጣና ድጋፉን አወጣ፤ ክሪኩን አውርዶ መኪናውን መሬት ሊያስይዝ ነው። ያን ጊዜ ብሎኬት ሰዓቱን አይቶ ፈገግ አለ።

"አለቀ እንዳትለኝ ብቻ።"

ውልብ ክሪኩን እንደያዘ ቆመ። ሰገነቱን አየ። እኔን አየኝ። እዚያ ሰው ፊት ላይ አንድ ቡጢ ቢያሳርፍ ኖሮ ዛሬ የማወራችሁ ሌላ ነበር። አላደረገውም። "ኧረ ገና ነው ጋሼ" አለና መዶሻውን ይዞ ተመልሶ መኪናው ሥር ገባ።

ድጋፉ ውጪ ነው ያለው። ውጪ፣ ከብሎኬት ጫማ አጠገብ። እኔ በር ላይ ሆኜ አየሁት። "ድጋፉ! ውልብ፣ ድጋፉን!" ብዬ ጮህኩ፣ እየሮጥኩ። ማን ይስማኝ፤ መዶሻው ግቢውን ያናውጠዋል። ፒካፑ በአንዲት ክሪክ ላይ ሲወዛወዝ ይታየኛል። ብሎኬት ደስ ብሎት ጭኑን መታ መታ እያደረገ፣ "አሁን ገና ሠራህ!" አለ።

ክሪኩ ተንሸራተተ። መኪናው ወረደ። አጥንት ሲሰበር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከመኪናው ጩኸት መሃል ለይቼ ሰማሁት። ወንድሜ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ሁለተኛ አልጮኸም።

እውነቱን ልናገር፣ መኪናውን ያነሳው ብሎኬት ነው። በዚያ አንገቱ፣ በዚያ ትከሻው፣ የደም ሥሩ ተገትሮ አነሳው፤ እኔ ወንድሜን በብብቱ ይዤ ጎትቼ አወጣሁት። ዳሌው ደቅቋል። ደሙ ያ የፊተኛው ደም በተንጠባጠበበት መሬት ላይ ፈሰሰ። እማማ ከገመዱ ላይ እርጥብ አንሶላቸውን ነጥቀው እየሮጡ መጥተው አሰሩለት። ስለ ኪራይ ትንፍሽ አላሉም።

ብሎኬት፣ "ምን ቀርቶት ነበር? ምኑ ነበር የቀረው?" ይለኛል።

"ምንም አልቀረውም! አልቆ ነበር!"

"ታዲያ ምን ያደርግ ነበር እዚያ ውስጥ?"

"ላንተ ይደክም ነበር፣ አንተ አውሬ!" አልኩና በብረቱ ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት። አልተከላከለም። ደገምኩት። አሁንም አልተከላከለም። እማማ ናቸው "ልጄ፣ ወንድምሽ ይሙትብሽ እንዴ፣ ተይና ጫኚው!" ብለው የያዙኝ።

ሐኪም ቤት የወሰድነው በዚያው ፒካፕ ነው። ኋላ ላይ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። መንገዱ ሁሉ ጉድጓድ ነው፣ ብሎኬት እንደ እብድ ይነዳል፤ ከሥራችን ግን ኳ የሚል ነገር የለም። አልቆ ነበር አላልኳችሁም?

የሕክምናውን ብሎኬት ከፈለ። በፈቃዱ እንዳይመስላችሁ፣ ብረቴን ይዤ ማምረቻው ድረስ ሄጄ ነው። ውልብ ብዙ ተኝቶ፣ ልጁ ተወልዶ፣ ክርስትናው አልፎ፣ በክራንች ግቢያችን ተመለሰ። እጁ ያው ነው፣ የቀነሰ ነገር የለም። መኪና ሥር ለመግባት ግን አቤት መከራው! ክራንቹን ያስደግፋል፣ በአንድ ጎኑ ይወርዳል፣ የማይታዘዘውን እግሩን በእጁ እየጎተተ ይገባል። ያቃስታል፤ አሁን የምሩን ነው። ሥራውን ያው ውልብ አድርጎ ይጨርሳል፤ መውጫው ደግሞ እንደመግቢያው ነው። በመጨረሻ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ላቡ በአፍንጫው እየተንጠባጠበ ይወጣል።

እና ታምኑኛላችሁ? የሚከራከረው ጠፋ! አንድም ሰው ዋጋ አይቀንስም። "እግዜር ይስጥህ፣ እንዴት ያለ ሠራተኛ ነው" ይሉታል። ጨምረው የሚሰጡት አሉ። እኔ ይሄን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ እሱ ግን ገንዘቡን ኪሱ ከትቶ ወደሚቀጥለው መኪና ይሄዳል።

ባለፈው ብሎኬት መጣ። የፍሬን ሸራ ሊያስቀይር። ዋጋ ተነጋገሩ፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ወንድሜ ሲገባም ሲወጣም ዓይኑን ሳይነቅል አየው። ሲጨርስ የተስማሙትን ከፈለና በላዩ ላይ ሌላ ጨመረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ውሰድ፣ ዛሬስ ይገባሃል" አለው።

ውልብ የተስማሙትን ኪሱ ከተተ። የተጨመረውን መለሰለት።

"ተነስ ጋሼ" አለው።

"እንዴ?"

"ከወንበሩ ላይ ተነስ።"

ብሎኬት ተነሳ። ውልብ በአንድ እጁ ክራንቹን ተደግፎ በሌላው ትልቁን መዶሻ አነሳ። ወንበሩ ላይ አሳረፈው። የመጀመሪያው ምት መደገፊያውን ለሁለት ከፈለው። ከዚያ አላቆመም። "ያኔም ይሄው ነበር!" ይላል፣ ይመታል። "ያኔም ይሄው ሥራ ነበር! ያኔም እኔው ነበርኩ!" ስብርባሪው እየበረረ የመኪናውን በር ይመታል። ብሎኬት ወደኋላ ወደኋላ ይላል። ወንድሜ ያለቅሳል፣ ይመታል።

እማማ ከሰገነታቸው ብቅ አሉ። ሁላችንም ወደ ላይ አየን። ውልብም መዶሻውን እንዳነሳ ቆመ።

"ደም ካየሁ ነው ያልኩት" አሉ። "ያ ፕላስቲክ ነው። ጨርሰው፣ ልጄ።"

ጨረሰው። ስብርባሪውን በጆንያ ሰብስቤ የጣልኩት እኔ ነኝ። አሁን ግቢያችን ውስጥ መቀመጫ የለም፤ ደንበኛ ወይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ወይ ሄዶ ሲደወልለት ይመጣል።