የክንፈ ማሊያ በሰው አገር

ስደት የሚወጣ ሰው በሌሊት ነው የሚወጣው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። የቆቦ ገበያ በቆመበት ቀን፣ ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ። እናቴ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ሰው እንዳይጠይቃት ዘንቢል አንጠልጥላ ነበር፣ ገበያ የወጣች እንድትመስል። ዘንቢሉ ባዶ ነበር።

"እማ፣ በቃ ተመለሽ፣ ፀሐዩ ይመታሻል" አልኳት።

"የፀሐዩን ነገር ተወው። ወንድምህ ሳይለቀስለት እንዳይቀር። በወጉ አልቅስለት" አለችኝ።

ሌላ ነገር አልተናገረችም። ሾፌሩ "እናት፣ ልጁ ወዴት ነው?" ሲላት "ደሴ፣ ሥራ አግኝቶ" አለችው። እኔ ግን የምሄደው ሆላንድ ነበር። ፓስፖርቴን ከሸሚዜ ስር አድርጌው በላብ ርሶ ነበር።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁም፣ እንደ እኔ በሰው አገር ለተበተናችሁም ነው። መጻፍ አልለመድኩም፤ ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከተደናቀፍኩ ታገሱኝ።

ክንፈ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሯጭ ነበር። ከሮቢት እስከ ቆቦ ባለው አስፋልት ሲሮጥ የባጃጅ ልጆች ጥሩንባ እየነፉ ይከተሉት ነበር። ለዞን ሮጠ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ክለብ ገባ፣ ከዚያ ውጭ አገር መውጣት ጀመረ። ከውድድር ሲመለስ አባቴ ደህና ነህ ወይ አይለውም። "ስንተኛ ወጣህ?" ነው የሚለው። ሁለተኛ ካለው "ከፊትህ ማን ነበር?" ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ምግብ የሚቀርበው።

አንድ ጊዜ ለውድድር ሆላንድ ሄዶ አልተመለሰም። ለምን እንዳልተመለሰ ቆይተን ነው ያወቅነው። ክንፈ ወንድ የሚወድ ወንድ ነበር። ለዚህ ነገር በሰፈራችን ያለውን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኔ አልጽፈውም። እዚያ እንደሱ ያሉ ስፖርተኞችና ሠዓሊዎች አንድ ላይ ሆነው፣ ማንም ሰው በሚወደው ሰው ምክንያት ከውድድር እንዳይገለል የስፖርት ኃላፊዎችን ይሞግታሉ። ክንፈም ከእነሱ ጋር ቆሞ ተናገረ። "የምወደውን ሰው ደብቄ ስሮጥ ሁለት ሰው ተሸክሜ እንደመሮጥ ነበር፤ አሁን ቀለለኝ" አለ። በእንግሊዝኛ ነበር የተናገረው። አንድ ሰው ከስሩ አማርኛ ጽፎበት ቪዲዮው ቆቦ ገባ። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን አልጠራም። "የሆላንዱ" እንኳን አላለም።

ከዚያ ክንፈ ሞተ። ብስክሌት እየነዳ መኪና ገጭቶት። ስልኩ የተደወለው ለእኔ ነው።

አገር ቤት ያላችሁ የለቅሶን ወግ ታውቃላችሁ፤ የረሳችሁ ስደተኞች ካላችሁ ግን ልንገራችሁ። መርዶ በማለዳ ሽማግሌ ይዞት ይመጣል። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል። ሰውየው በሩቅ አገር ሞቶ ሬሳው ከሌለ፣ ልብሱ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ይወጣና በሱ ላይ ይለቀሳል። ለክንፈ ይህ ሁሉ አልሆነም። ሽማግሌ አልመጣም። ድንኳን አልተተከለም። አባቴ "እዚህ ቤት የሞተ ሰው የለም" አለ፣ በሩም ተዘጋ።

ማሽላው እሸት ይዞ ነበር፤ የግሪሳ ወፍ የሚወርድበት ወቅት። እናቴ በሽታ ይዟት ከተወችው ብዙ ጊዜ የሆናትን የወፍ ጥበቃ ተነስታ ያዘች። ወንጭፏን ይዛ ማማው ላይ ትወጣና ከጧት እስከ ማታ ትጮኻለች። ጎረቤት "እንዲህ ወፍ የምታባርር ሴት አይተን አናውቅም" ይላል። እኔ ምሳ ሳደርስላት ነው የምትጮኸውን ቃል የሰማሁት።

ሁልጊዜ ሲሮጥ የሚቀድመው ልጄ፣
ዛሬም ቀደመና ቀረሁ ከደጄ።

ወፎቹ ይነሳሉ፣ ዞረው ይመለሳሉ። እሷም እንደገና ትጀምራለች። ማሽላው ሲታጨድ ማማው ፈረሰ። "አሁን ምን ብዬ ልጩህ?" አለችኝ። መሄዴን የወሰንኩት ያኔ ነው።

አዲስ አበባ የሆላንድ ኤምባሲ መስኮት ላይ የነበረችው ሴት ትሑት ነበረች፤ ፈገግ እያለች ነው የምታስጨንቀው።

"ለምን ነው የሚሄዱት?"

"ወንድሜ መቃብር ላይ ላለቅስ።"

"ለቅሶው መቼ ነው?"

"እናንተ ስትፈቅዱ።"

"እንደሚመለሱ በምን እናውቃለን?"

"ከመቃብር ሳይመለስ የሚቀረው ሟቹ ብቻ ነው" አልኳት።

ሳቋን ለመደበቅ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ቪዛው እስኪመጣ ግን ብዙ ቆየ። ስደርስ የመቃብሩ አፈር ሣር አብቅሎ ነበር። ሳልመለስ የቀረሁም እኔው ሆንኩ፤ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ኤርፖርት የተቀበለኝ ሩበን ነው። ሩበን ክንፈ የሚወደው ሰው ነው። እሱም የድሮ ሯጭ ነው፣ ቁመተ ረጅም፣ ፀጉሩ የገብስ ነዶ የሚመስል። ሁለቱ ይኖሩበት ወደነበረው ቤት ወስዶ የክንፈን አልጋ ልብስ አለበሰኝ። ምን ብዬ እንደምጠራው አላወቅሁም። ጋሼ እንዳልለው ፈረንጅ ነው፤ በስሙ እንዳልጠራው ታላቄ ነው። ለብዙ ሳምንት "ይቅርታ" ነበር የምለው። ይቅርታ ጨው። ይቅርታ በሩን ክፈት።

ብርዱን አልነግራችሁም። የቆቦ ነፋስ ሲመታህ ቢያንስ አቧራ ይዞ ነው የሚመታህ፣ ታየዋለህ፤ የዚህ ግን የማይታይ ነገር ነው። ዳቦው ለስላሳ ነው፤ ጥርስ ምን እንደሚሠራ ይረሳል። የማሽላ ቂጣ አምሮኝ ለሩበን ስነግረው የማሽላ ዱቄት ፍለጋ ግማሽ ከተማ ዞሮ ይዞ መጣ። ጋገርኩት። እንደ ድንጋይ ሆነ። ሩበን እስከ መጨረሻው በላው፣ ውሃ እየጠጣ። ይህን አልረሳለትም።

አከራያችን አንድ ቀን ቤቱን ሊያይ መጣ። በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ ቆጥሮ ፊቱን አኮሳተረ።

"ውሉ ለሁለት ሰው ነው። ይህ የሦስት ሰው ጫማ ነው" አለ።

"የሦስተኛው ባለቤት ሞቷል" አለው ሩበን።

"የሞተ ሰው ጫማ በር ላይ ምን ይሠራል?"

"እኛም ገና አልገባንም።"

"ታዲያ ስንት ናችሁ ብዬ ልጻፍ?"

"ሁለት ተኩል ብለህ ጻፍ" አለው ሩበን።

ሰውየው ቆሞ አሰበ፣ ሳይጽፍ ሄደ። በነጋታው ከራሱ ቤት የጫማ መደርደሪያ ተሸክሞ መጣ።

ልመለስ ስዘጋጅ ከቆቦ የሚደርሰኝ መልእክት እየከፋ መጣ። ቪዲዮው እንደገና ዞሮ፣ "ወንድሙም እዚያው ሄዷል፣ ሲመለስ እንቀበለዋለን" የሚል ተጽፎበት ነበር። ጥገኝነት ጠየቅሁ። የሚጠይቀኝ መኮንን ወረቀቱን አገላበጠ።

"አንተም እንደ ወንድምህ ነህ?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ምን ያሰጋሃል?"

"ወንድሙ ነኝ።"

"ወንድም መሆን ምክንያት አይሆንም።"

"እኛ አገር ከዚህ የበለጠ ምክንያት የለም" አልኩት። ጻፈው። መልሱ እስካሁን አልመጣም።

አሁን ወደ ማሊያው ልምጣ። የክንፈ ጓደኛ የነበረች አንከ የምትባል ሠዓሊ አለች፤ ዕድሜዋ ከእናቴ አይተናነስም። ኤልስ ከምትባል ባለቤቷ ጋር ነው የምትኖረው። አንከ በብሩሽ አትሥልም፤ በመርፌና በጨርቅ ነው። በዚህ አገር በጋ፣ ቆቦ ክረምት ሲገባ፣ ከብዙ አገር የሚመጡ ስፖርተኞች፣ ወንድ የሚወዱ ወንዶች፣ ሴት የሚወዱ ሴቶች፣ ሲወለዱ ወንድ ተብለው ዛሬ ሴት ሆነው የሚኖሩ፣ ከሌላውም ሰው ጋር ተቀላቅለው የሚወዳደሩበት ትልቅ በዓል ነበር። ለዚያ በዓል አንከ ማሊያ እየሰበሰበች ነበር። እኔም የክንፈን ማሊያ ይዤ ወደምትሠራበት አዳራሽ ሄድኩ።

በሩን ከፈትኩ። አዳራሹ ሙሉ ማሊያ ነው። ሁሉም በእንጨት ላይ ተሰቅሏል፣ ባለቤት የለውም። ይህ ሁሉ ሰው አልቋል ማለት ነው አልኩ በልቤ። ኮፍያዬን አወለቅሁ። እንደ ወጉ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድኩ፣ ዝቅ እያልኩ፣ "ነፍስ ይማር" እል ጀመር። አጠገባቸው የቆሙትን ሰዎች እጃቸውን እየጨበጥኩ በእንግሊዝኛ "እግዜር ያጽናችሁ" አልኳቸው። አንዳንዶቹ ግራ ገብቷቸው አመሰገኑኝ። አንድ ቀይ ማሊያ ጋ ስደርስ ሩበን ቆሟል። እሱንም ጨበጥኩት።

"ይህ የኔ ማሊያ ነው" አለኝ።

አንዴ ማሊያውን፣ አንዴ እሱን አየሁ።

"አልሞትኩም" አለ ቀስ ብሎ። "ወፍሬ ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማሊያዎቹ ባለቤቶቻቸው ራሳቸውን ደብቀው የሮጡባቸው፣ ወይም ማንነታቸው ሲታወቅ ከቡድን የተባረሩባቸው ማሊያዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ባለቤቶች እዚያው ቡና በወረቀት ኩባያ ይዘው ቆመዋል። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። አንከ መርፌዋን አስቀምጣ ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ በተሰበረ እንግሊዝኛ፣ ስለ እንጨቱ፣ ስለ ልብሱ፣ እናቴ ማማ ላይ ሆና ስለምታባርረው ወፍ። የሚስቅ ሰው አልነበረም።

"የክንፈ ማሊያ ባለቤት የለውማ" አለች አንከ ማሊያውን ተቀብላ። "እንግዲያው እንዴት እንደሚደረግ አሳየን።"

በዓሉ ሲከፈት የየአገሩ የስፖርት ኃላፊዎች በክብር ቦታ ተቀምጠው ነበር። ማሊያዎቹ በሰልፍ ገቡ፤ እያንዳንዱን ባለቤቱ ተሸክሞታል። ከሁሉም ፊት የክንፈ ብቻውን ገባ። እኔ ነበርኩ የተሸከምኩት። የመሮጫው መም ዳር ሣሩ ላይ ተከልነው። ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ወንበር አንከ አዘጋጅታ ነበር። አንዱ ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ሩበን ከኋላ፣ ከሰዉ ጋር ቆሞ አየሁት። ምን ብዬ እንደምጠራው ያኔ ገባኝ። ለካ ወጉ ከመጀመሪያው ስሙን ሰጥቶት ነበር። ተነስቼ እጁን ያዝኩት።

"አንተ ሐዘንተኛ ነህ። ቦታህ እዚህ ነው" አልኩት።

መጥቶ ተቀመጠ። ስፖርተኞቹ በሰልፍ እየመጡ ፊታችን ዝቅ አሉ። "እግዜር ያጽናችሁ" የሚለውን አስጠንቻቸው ነበር፤ አፋቸው ላይ ተሰብሮ "ያጽና ያጽና" እያሉ አለፉ። አንድ የስፖርት ኃላፊም ከክብር ቦታው ወርዶ በሰልፉ መጨረሻ መጣ፤ ምን ማለት እንዳለበት አላወቀም፣ ማሊያውን በእጁ ነክቶ ሄደ። እኔ የእናቴን ግጥም አዜምኩ። ድምፄ አያምርም። ሩበን አለቀሰ። ስጨርስ ስታዲየሙ አጨበጨበ። እዚህ አገር ለሠርግም ለለቅሶም ጭብጨባ ነው፤ አልተቀየምኳቸውም።

ከዚያ ዱላ ቅብብል ሮጥን። አንከ፣ ኤልስ፣ ሩበንና እኔ። የመጨረሻው ዙር ለክንፈ የተተወ ስለነበር ማሊያውን ለብሼ የሮጥኩት እኔ ነኝ። ዱላው ሲደርሰኝ ሌሎቹ ጨርሰው ውሃ እየጠጡ ነበር። ሰዉ ሁሉ ግን ቆሞ ጠበቀኝ።

እነዚህን ሰዎች በምን ቃል እንደማመሰግን አላውቅም። ወንድሜ በተወለደበት ቀዬ ያጣውን ወግ፣ ወጉን የማያውቁ ሰዎች ተምረው አደረጉለት። እግዜር ብድራቸውን ይክፈል።

በነጋታው በኢሞ ደወልኩ። እናቴ ናት ያነሳችው።

"ተለቀሰለት?" አለችኝ፣ ሰላም ሳትለኝ።

"ተለቀሰለት፣ እማ። በወጉ።"

"ሰው ነበር?"

"ስታዲየም ሙሉ።"

"አትዋሸኝ።"

"እውነቴን ነው።"

"ሐዘንተኛ ሆኖ ማን ተቀመጠ?"

"እኔና… ክንፈ የሚወደው ሰው።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "እማ?" አልኩ።

"አለቀሰለት?"

"አለቀሰለት።"

"እግዜር ይስጠው" አለች። "የሚበላ ነገር ሥራለት።"

ከወዲያ የአባቴ ድምፅ ተሰማ። "ማን ነው?"

"ልጅህ ነው።"

"ምን ይላል?"

እናቴ "በክንፈ ማሊያ ሮጥን ይላል" አለችው።

የወንበር ድምፅ ሰማሁ። ቆየ። ከዚያ ትንፋሹ ስልኩ አጠገብ መጣ።

"ስንተኛ ወጣ?" አለ አባቴ።

"መጨረሻ ነው የወጣነው፣ አባ።"

ሳያስበው ከአፉ እንደወጣ ነገር፣

"ክንፈ ቢሆን መጨረሻ አይወጣም ነበር" አለ።

ስልኩን ለእናቴ መልሶ ሰጣት መሰለኝ። ከዚያ ድምፅዋን ሰማሁ፤ ቤት ውስጥ፣ አባቴ አጠገብ፣ ሙሉ ድምፅዋን አውጥታ። ሁልጊዜ ሲሮጥ የሚቀድመው ልጄ። ዝም በይ ያላት የለም። ኔትወርኩ እስኪቋረጥ አዳመጥኳት። ቆቦ ላይ ማሽላው ገና ቡቃያ ነው። የሚባረር ወፍ አልነበረም።